ራስ ዳርጌን ፖርቱጋላዊ ያደረጋቸው ማን ነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አያታችሁ በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ድንጋያቸው፣ በገዛ ሰዋቸው ድልድይ አሠርተው ቢያልፉና እናንተ የልጅ ልጆቻቸው ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ይኼን የሠሩልን ፖርቱጋሎች ናቸው» እያላችሁ ጉርሻ ብትቀበሉ፣ ሰው ምን ይላችኋል? ድሮ ቢሆን ሽማግሌ ተሰብስቦ ይመክርባችሁ ነበር። ዛሬ ግን «አስጎብኚ» ትባላላችሁ።

ከአዲስ አበባ በእንጦጦ ወጥታችሁ፣ ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪንና ደብረ ጽጌን አልፋችሁ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም የሚታጠፈውን መንገድ ታገኛላችሁ። እዚያው አካባቢ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ አንዲት ጠባብ የድንጋይ ድልድይ አለች። ስሟን ጠይቁ፤ «የፖርቱጋል ድልድይ» ትባላላችሁ። መቼ ተሠራች? «በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን»። በምን? «በኖራና በሰጎን እንቁላል ቅርፊት»። ይኼ ሁሉ ሲነገር ፈረንጁ ፎቶ ያነሳል፤ አበሻውም ያነሳል።

እርግጥ ፖርቱጋሎች አገራችን መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1520 መልእክተኞቻቸው መጡ፤ በ1541 ደግሞ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ነፍጠኛ ይዞ ከግራኝ አሕመድ ጦር ጋር ሊዋጋ ገባ። ይህን ማንም አይክድም። ድልድዩን ግን እነሱ አልሠሩትም። ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዐፄ ምኒልክ አጎት፣ የሰላሌ ገዥ። ጊዜውም የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። ራስ ዳርጌ ያረፉት በ1892 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፤ አስጎብኚያችን የሚስተው ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ነው። ጢስ ዓባይ ላይ ያለውንም ድልድይ «የፖርቱጋል» የሚሉት አሉ፤ እዚያስ እሺ፣ ድልድዩ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነውና ወሬው የሚንጠላጠልበት አንድ ክር አያጣም። እዚህ ግን ክርም የለም።

የሚገርመው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ፈረንጆቹ ይዘዋቸው የሚመጡት የመንገደኛ መመሪያ መጻሕፍት ራሳቸው ድልድዩ የራስ ዳርጌ መሆኑን ጽፈውታል። እንግዳው እውነቱን በቦርሳው ይዞ መጥቶ ውሸቱን ከባለአገሩ አፍ ይሰማል ማለት ነው። በጨዋነት ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ማታ ሆቴሉ ሲገባ ስለ እኛ ምን እንደሚያስብ እናንተው ገምቱት።

ይኼን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ወዳጄ «እንግዶች አሉብኝ፣ እባክህ አጅብልኝ» ብሎኝ ሄጃለሁ። የአንድ ቀን ጉዞ የሚሉት ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት በሚኒባስ ተነሥቶ፣ ድልድዩን፣ ፏፏቴውን፣ ጭላዳውን፣ ሸለቆውን አይቶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ምሳ በልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ገዳሙንና ዋሻውን ተሳልሞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን አዲስ አበባ መግባት። እንግዶቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ሆላንዳውያን ባልና ሚስት፣ አንዲት በጡረታ ላይ ያሉ ጣሊያናዊት መምህርት። አስጎብኚው ወጣት ነው፤ ቋንቋ የሚችል፣ ትሑት፣ ሳቂታ። ልጁን አልጠላሁትም፤ እንዲያውም ወድጄዋለሁ። ስሙንም የቀጠረውንም ድርጅት አልጠራም፤ ነገሬ ከአንድ ልጅና ከአንድ ድርጅት ጋር አይደለምና።

ስለ ጭላዳው የነገረን ሁሉ ልክ ነበር። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር እንደማይገኝ፣ እንደ በግ ሣር ግጦ የሚያድር መሆኑን፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ምን እንደሚናገር አንድ በአንድ አስረዳን። ለዝንጀሮ ሲሆን አንድም ስሕተት የለም! ሰው የሠራው ነገር ላይ ስንደርስ ነው ችግሩ የጀመረው።

ከድልድዩ ወደ ሸለቆው አፋፍ ወሰደን። ያንን ቦታ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። የጉር ወንዝ ድልድዩን አልፎ ቁልቁል ይወረወራል፤ ከታች የዜጋ ወደም ሸለቆ ተዘርግቷል፤ ውኃው ወደ ጀማ፣ ጀማ ደግሞ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ሲመጣ የበረሃ ሙቀት ይዞ ይመጣል፤ እናንተ ያላችሁት ደግሞ ጋቢ በሚያስለብስ ደጋ ላይ ነው። ሰው አፉን ከፍቶ ዝም የሚልበት ቦታ ነው። አስጎብኚያችን ግን ዝም አላለም፤ እጁን ዘረጋና «ይኼ የኢትዮጵያ ግራንድ ካንየን ነው» አለ።

እንዴ! ጀማ የሚባል ስም እያለው? አሪዞናዎች የእነሱን ገደል «የአሜሪካ ጀማ» ብለው ሲጠሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለነገሩ ልጁ ሊያወዳድር ፈልጎ ይሆናል፤ እንግዳ በሚያውቀው ነገር ማስረዳት ነውር የለውም። ግን ከንጽጽሩ በኋላ ምን ተከተለ? ምንም። ገደሉ ሊነግረን የሚችለው ስንት ነገር ነበር! አፋፉ ላይ የቆማችሁበት ጥቁር ድንጋይ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ባሳልት ነው። ከሥሩ ያለው የአሸዋ ድንጋይ በሥነ ምድር ሊቃውንት ጽሑፍ ውስጥ የታወቀ ስም አለው፤ ስሙ «የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ» ነው። አዎ፣ በገዳሙ ስም! የድንጋይ ተመራማሪው ስለ ዓባይ ተፋሰስ ሲጽፍ የገዳማችንን ስም ይጽፋል፤ የእኛ አስጎብኚ ደግሞ የአሪዞናን ይጠራል። ወደ ታች ስትወርዱ የኖራ ድንጋዩን ታገኛላችሁ፤ ይኼ ሁሉ ደጋ አንድ ዘመን የባሕር ወለል እንደነበር የሚመሰክር ነው። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ከምሳ ሰዓት ምን ይሻማል?

ወደ ገዳሙ ወረድን። እዚህ ላይ ልጁ መልካም ጀመረ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን እንደመሠረቱት፣ ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል እንደነበር፣ ደብረ ሊባኖስ ያሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሆናቸውን ነገራቸው። ዋሻው ዘንድ ስንወጣ ጻድቁ አንድ እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው መጸለያቸውን፣ ከዚያም በኋላ ሰባት ዓመት በአንድ እግር መቆማቸውን ተረከ። ጠበሉ ከድንጋዩ ይንጠባጠባል፤ ምእመናን ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሆላንዳዊቷ ሻሽ አስራ ጫማዋን አውልቃ በጸጥታ ቆማለች። ደስ የሚል ሰዓት ነበር።

ይኼን ጊዜ ነው ጣሊያናዊቷ ሴትዮ ቀስ ብለው «ግራዚያኒ መነኮሳቱን ያስጨፈጨፈው ከዚህ ገዳም ወስዶ ነው አይደል?» ብለው የጠየቁት።

ልጁ ደነገጠ። ወዲያና ወዲህ አየ። «አዎ፣ በጦርነቱ ጊዜ አንዳንድ ችግሮች ነበሩ» አለ። ቀጠለና «አሁን ግን ጣሊያንና ኢትዮጵያ ጥሩ ወዳጆች ናቸው፤ መኪያቶ የተማርነውም ከእናንተ ነው!» ብሎ ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቁም።

አንዳንድ ችግሮች!

ሲመለሱ ወደ ጎን ጠራሁትና «ምነው ልጄ፣ ጠይቀውህ የለ? ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት። «ጋሼ፣ እሳቸውን እንዴት ላሳቅቃቸው? እንግዳ እኮ ናቸው። ደግሞ ሰው የመጣው ሊዝናና ነው» አለኝ። ከልቡ ነው። ክፋት የለበትም። ለዚህ ነው ነገሩ የባሰብኝ።

እንግዲህ ልጁ «አንዳንድ ችግሮች» ያለውን ልንገራችሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ አዲስ አበባ በደም ታጠበች። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ግራዚያኒ ግን በዚያ አልበቃውም፤ ደብረ ሊባኖስ በነገሩ እጁ አለበት ብሎ ፈረደና ጄኔራል ማሌቲን ላከ። ቀኑ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት ዕለት ነው፤ ገዳሙ ከየአገሩ በመጣ እንግዳ ይሞላል። በዓል ለማክበር የመጣውን ከመነኩሴው ጋር አንድ ላይ ከበቡት። ከዚያ በጭነት መኪና እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ገለል ያለ የወንዝ ዳር ወሰዱና በመትረየስ ፈጇቸው። ዲያቆናቱን፣ ተማሪዎቹን ልጆች ማለት ነው፣ ለይተው አቆይተዋቸው ነበር፤ ከቀናት በኋላ እነሱንም ደብረ ብርሃን አጠገብ ፈጇቸው።

ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ያስተላለፈው ቁጥር ዲያቆናቱን ጨምሮ 449 ነው። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በሕይወት የተረፉትንና የአካባቢውን ሰው ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ግን የሟቾቹ ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 ይደርሳል። ዝቅተኛውን ቁጥር እንኳ ያዙት፤ ከነፍሰ ገዳዩ ቁጥር ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ይኼ የሆነው የእጨጌዎች መቀመጫ በነበረ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ከጳጳሱ ቀጥሎ ትልቁን ሹመት በያዘ ገዳም ላይ ነው። «ጻድቁ እዚህ ቆመው ጸለዩ» ብሎ «ልጆቻቸው ከዚህ ተወስደው ተረሸኑ» ሳይሉ ማለፍ ምን ዓይነት ማስጎብኘት ነው?

ሌላም አለ። ከገዳሙ ፍቼ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው ደጃዝማች አስፋወሰን ካሣ «እጃችሁን ብትሰጡ አትነኩም» ተብለው ገብተው ፍቼ ላይ ተገደሉ። እነማን ናቸው? የራስ ካሣ ኃይሉ ልጆች። ራስ ካሣ የማን ልጅ ናቸው? የወይዘሮ ትሰሜ ዳርጌ። እንግዲያው ፍቼ ላይ የወደቁት የዚያ ድልድይ ባለቤት የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው። ድልድዩን ለፖርቱጋል ስንሰጥ የምናጣው አንድ የድንጋይ ቅስት ብቻ አይደለም። ድልድዩ የራስ ዳርጌ ከሆነ ታሪኩ ከድልድዩ ወደ ፍቼ፣ ከፍቼ ወደ ገዳሙ፣ ከገዳሙ ወደ ላጋ ወልዴ ራሱ ይመራችኋል። የፖርቱጋል ከሆነ ግን እዚያው ቆሞ ይቀራል፤ ቀጣዩ ጣቢያ ምሳ ነው።

«ሰው የመጣው ሊዝናና ነው» የሚለውን ክርክር ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ሰዎችም ይሉታል። ታዲያ ሰዉ አውሽዊትዝ የሚሄደው ሊጨፍር ነው? ጎሬ ደሴት፣ ሮበን ደሴት፣ ኪጋሊ ያለው የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ በእንግዳ የሚሞላው ሳቅ ስለሚገኝበት ነው? ሩዋንዳዎች እንግዳን ጎሪላ ያሳዩታል፤ መታሰቢያቸውንም ያሳዩታል። ጎሪላውን ያየ ሰው ቀልቡ ተሰብሮ ጉርሻ ነፈገን ሲሉ አልሰማሁም። እኛ ጭላዳውን አሳይተን ሰማዕታቱን እንደብቃለን።

ይሉኝታውስ? ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ያደግንበት ነው። እንግዳ ፊት የቤት ገበና አይወራም። ግን ይኼ የማን ገበና ነው? የገደለው አፍሮ ሳይጨርስ የተገደለው ለምን ይፈር? ሴትዮዋ እኮ ጠየቁ! መምህር ናቸው፤ አውቀው ነው የመጡት፤ ምናልባትም ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ ብለው ነው ከሮም ድረስ የመጡት። እኛ ግን «መኪያቶ» ብለን መለስናቸው። ይኼ እንግዳ ማክበር አይደለም፤ እውነቱን መሸከም የማይችሉ ሕፃን አድርጎ መቁጠር ነው።

እኛ እንዲህ ስንሳቀቅ ወዲያ ማዶ ያሉት አልተሳቀቁም። ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ለሠራው ወንጀል አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ ነው፤ እሱንም ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ትንሽ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠርቶለት ተመረቀ። ኢትዮጵያውያን በየአገሩ ተቃወሙ፤ ብዙ ጣሊያናውያንም ተቃወሙ፤ ክብር ይግባቸው። ሮም ኤምባሲ ደጅ መፈክር ይዞ መቆም ጥሩ ነው። ግን በገዛ ዋሻችን ደጅ «አንዳንድ ችግሮች ነበሩ» የምንል ከሆነ የአፊሌን ከንቲባ በምን አፋችን እንወቅሳለን?

ጥፋቱን ሁሉ በዚያ ሳቂታ ልጅ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። እሱ የሚያወራውን ያገኘው ከቀደሙት አስጎብኚዎች ነው፤ እነሱም ከቀደሟቸው። በቀን ተከፍሎት በቀን የሚኖር ሰው በእንግሊዝኛና በጣሊያንኛ መጽሔት የተቀበረ ጥናት ቆፍሮ ያንብብ አይባልም። የማስጎብኘት ፈቃድ የሚሰጠው አካል ግን ምን ይፈትናል? ታሪክ የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲያችን መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ስሕተት ለማረም ስንት ገጽ አማርኛና ኦሮምኛ ጽፏል? እኛስ? ከቤተሰብ ጋር እሑድ እሑድ እየሄድን፣ ክትፎ እየበላን፣ ልጆቻችንን ድልድዩ ላይ አቁመን ፎቶ እያነሳን «ፖርቱጋሎች የሠሩት ነው ማሙሽ» ያልነው እኛ አይደለንም?

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የዚያ መንገድ ጸጥታ ስለታወከ ጉዞው ተቀዛቅዟል። የአገሬው ሰው ከማንም በላይ ተጎድቷል፤ ድልድዩ ዘንድ ባርኔጣና ቅርጫት የሚሸጡት ልጆች ምን በልተው እንደሚያድሩ ሳስበው ይጨንቀኛል። ሰላም ወርዶ ሚኒባሶቹ በሙሉ ልብ መመላለስ ሲጀምሩ ግን ያው ወሬ አብሮ እንዳይመለስ እሰጋለሁ። ሥራ የቀዘቀዘበት ጊዜ ደግሞ ለማረም የተመቸ ነው። አስጎብኚ ድርጅቶቹ በራሪ ወረቀታቸው ላይ «ፖርቱጋል» የሚለውን ሰርዘው «ራስ ዳርጌ» ብለው ቢያትሙ ከቀለም ዋጋ በቀር ምንም አያወጡም። መታጠፊያው ላይ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ አንድ ሰሌዳ ይቁም። ላጋ ወልዴም በአንድ ቀን ጉዞው ውስጥ ይግባ፤ የማይችል እንግዳ ካለ መኪና ውስጥ ይቆይ። ዋሻው ዘንድ ሲደርሱም አስጎብኚው ጠበሉን ካሳየ በኋላ ሦስት ደቂቃ ብቻ ወስዶ የግንቦት 1929ን ነገር ይንገር፤ ስንት ሰው እንደተወሰደ፣ ማን እንዳዘዘ፣ የት እንደተረሸኑ። ከእንግዶቹ መካከል ጣሊያናዊ ቢኖርም ባይኖርም።